አንድም በአትላንታ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። ክላርክስተን ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጥቂት ርቆ በቆመ የኪራይ ሕንፃ፣ ከመስኮቶቹ ሁሉ አንዱ ብቻ በርቷል። እትዬ ነጠላቸውን አደግድገው የሊጡን ባልዲ ክዳን ከፈቱ። ሦስት ቀን የከረመ ሊጥ ነው። ጤፉ ከአይዳሆ የመጣ፣ ውኃው የቧንቧ፣ እርሾው ደግሞ ከጎረቤት የተገኘ። ላዩ ላይ ያቀረረውን ቢጫ ውኃ ቀስ ብለው በባዶ የማር ጠርሙስ ቀነሱና ለሚቀጥለው ቡኮ አስቀመጡት። ከዚያ ከሊጡ አንድ ጭልፋ ያህል ወስደው ምድጃው ላይ በሚንተከተከው ውኃ ጨመሩት። እንዳይጓጉል እጃቸው ከማማሰያው አይለይም።

«አብሲት ነው» አሉኝ።

እናቴ ስትጋግር እያየሁ አደግሁ፤ አብሲት ለምን እንደምትጥል ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። ይህን ስነግራቸው ዞር ብለው አዩኝ።

«አብሲት ያልተጣለበት ሊጥ ዓይን አያወጣም። ሊጡ ሁሉ አንድ ነው፤ ይህችኛዋ ግን ተለይታ ወጥታ እሳት ታያለች። ከዚያ ትመለሳለች። የቀረው በእሷ ኩፍ ይላል።» ማማሰላቸውን ሳያቋርጡ ጥቂት ዝም አሉ። «እኔን እግዜር ለአብሲት ነው የወሰደኝ፣ ልጄ።»

ወጣት ሳሉ ከሀገር ወጥተው ሱዳን፣ ገዳሪፍ አካባቢ በስደተኞች መጠለያ ዓመታት አሳልፈዋል። በሰማንያዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሲገቡ ከቤተሰቡ የመጀመሪያዋ ነበሩ። ከዚያ ወንድሞቻቸውን፣ የእህታቸውን ልጆች፣ በመጨረሻም አሮጊት እናታቸውን አንድ በአንድ አመጡ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም። ዮሴፍ ለወንድሞቹ የተናገረውን፣ ክፋት አስባችሁ ሸጣችሁኝ፣ እግዚአብሔር ግን ሕይወት ለማዳን ከፊታችሁ ላከኝ ያለውን ነገር ከቤተ ክርስቲያን ብዙ ጊዜ ሰምተውታል። የገባቸው ግን እዚህ ምድጃ አጠገብ ነው። «ዮሴፍም አብሲት ነበረ» አሉ፤ የተቀቀለውን ወደ ባልዲው መልሰው እያዋሐዱ።

እኔ ወደዚያ ቤት የሄድሁት ለዚህ ጽሑፍ ነበር። ስለ ዕለት ኑሮና ስለ እምነት ሰዎችን ልጠይቅ አስቤ፣ ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። ወረቀቱን ከኪሴ ሳላወጣው ነጋ።

ክላርክስተን ከአትላንታ መሐል ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዴካልብ ካውንቲ ያለች፣ ትንሽ ከተማ ናት። ከሰማንያዎቹ ጀምሮ ስደተኛ ሲሰፍርባት ኖሯል፦ ከቬትናም፣ ከቦስንያ፣ ከሶማሊያ፣ ከኮንጎ፣ ከበርማ፣ ከሶርያ፣ ከኛም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ። የነጭ ባፕቲስቶች የነበረው የከተማዋ ነባር ቤተ ክርስቲያን እንኳ ምእመኑ እየተለወጠ ሲሄድ ስሙን ለውጦ «ዓለም አቀፍ» የሚል ቃል ጨምሯል። ከዚያ ጥቂት ማይል ርቆ ዲኬተር የሚገኘውና በ1977 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የዴካልብ ገበሬዎች ገበያ ውስጥ ሠራተኞቹ ደረታቸው ላይ በሚለጥፉት ካርድ ከስማቸው ሥር የሚናገሩት ቋንቋ ይጻፋል። ሽንኩርት የምትመዝንልህ ልጅ ካርድ ላይ «አማርኛ» የሚል ስታይ፣ ሳታስበው «እንዴት ነሽ» ትላታለህ። በበዓለ ሃምሳ ኢየሩሳሌም የነበረው ሕዝብ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው የሰማበትን ቀን አንድ ካህን በዚህ ገበያ ሲመስሉ ሰምቻለሁ። ደስ አለኝ፤ በማግሥቱ ገበያ ስሄድ ግን ስብከቱ ከአእምሮዬ ወጥቶ የቀረው የልጅቷ የደከመ ዓይን ነበር። ወደዚያ ነገር እመለሳለሁ።

የዚህ ከተማ ሐበሻ ዋና ችግሩ ጊዜ ነው። ሀገር ቤት ሳለ ኪዳን የሚያደርሰው፣ ቅዳሴ ቆሞ የሚያስቀድሰው፣ ከጉባኤ የማይቀረው ሰው እዚህ እሑድን ራሱ ከአለቃው ይለምናል። ወንጌላውያኑም እንደዚያው ናቸው፤ የረቡዕ ማታ ጸሎታቸውን ያደረሰ ሰው ሐሙስ ንጋት ላይ ሥራ ይገባል። ስለዚህ ጸሎቱ ወደ ስልክ ገብቷል። ገና ሳይነጋ አሥርና ሃያ ሰው በአንድ መስመር ተገናኝቶ ይጸልያል፤ አንዱ መኪና እየነዳ፣ አንዷ የአዛውንት አልጋ እያነጠፈች። በጸሎቱ መካከል የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ ማንም ይቅርታ አይጠይቅም።

እንዲህ ሲሆን ሰው ትምህርቱን ከምን ያገኛል? ከያዘው ነገር። ይህ ደግሞ በስደት የተፈጠረ ዘዴ አይደለም፤ ከሀገር ይዘነው የወጣን ስንቅ ነው።

የአበው መጻሕፍት ትርጓሜ የሚባለውን ጉባኤ ያየ ያውቀዋል። መምህሩ የግእዙን ንባብ ያነባሉ፣ ወደ አማርኛ ይመልሱታል፣ ከዚያ ሐተታው ይቀጥላል። አንድ ፍቺ ሰጥተው «አንድም» ይላሉ፤ ሌላ ይጨምራሉ። እንደገና «አንድም»። ምሥጢሩ፣ ታሪኩ፣ ምሳሌው እየተደረበ ይሄዳል። ትርጓሜው ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በጎንደር በሁለት ወገን ተደራጀ፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ጉባኤ ተከፈለ፤ በአራቱም የተካነ ሊቅ አራት ዓይና ተባለ። ዋናው ነገር ግን ከጉባኤ ቤት አልፎ ወደ ቤታችን ገባ። አያቶቻችን ስለ ዝናብ፣ ስለ ላም፣ ስለ ክፉ ጎረቤት ሲያወሩ በዚያው ዜማ ነበር የሚያወሩት። የእትዬ አብሲት ከዚያ የመጣ ነው፤ ጉባኤ ቤት ባይገቡም።

ስለ እርሾ ራሱ አስቡት። ጌታ መንግሥተ ሰማያትን አንዲት ሴት በሦስት መስፈሪያ ዱቄት በሸሸገችው እርሾ መስሏል። ሦስት መስፈሪያ የአንድ ቤት ራት እንዳይመስላችሁ፤ ሠርግ የሚያበላ ዱቄት ነው። ሦስቱን መስፈሪያ የቀደሙ አባቶች ሦስቱ የኖኅ ልጆች ናቸው አሉ፤ አንድም ሥጋ፣ ነፍስና መንፈስ ናቸው አሉ። ደግሞ ያው ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ከፈሪሳውያን እርሾ ተጠበቁ አላቸው። እርሾ አንድ ነው፤ ሥራውም አንድ ነው፦ ሳይታይ ይገባል፣ ሁሉን እንደ ራሱ ያደርጋል። ምኑ እንደገባብን ግን ወዲያው አናውቅም። እትዬ ይህን ስጠይቃቸው ረጅም አልተናገሩም። «እርሾው ከተበላሸ ሽታው ይነግርሃል። ያኔ አይታዘንለትም፤ ይደፋል» አሉና ምጣዱን በእፍኝ ጎመን ዘር አሰሱት። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑን ሲያወጣ መስኮቱ መንጋት ጀምሮ ነበር።

የአትላንታው ሃርትስፊልድ-ጃክሰን አውሮፕላን ማረፊያ ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ፣ ከወረርሽኙ ዓመት ከ2020 በቀር፣ በመንገደኛ ብዛት ከዓለም አንደኛ ነው፤ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ያልፍበታል። ያን ሁሉ ሰው ከሚያመላልሱት ሾፌሮች መካከል ሐበሻው ብዙ ነው። መኪኖቹ ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ ላይ አንድ ሰው አለ፤ ሾፌሮቹ «መሪጌታ» ይሏቸዋል። ጎጃም ቅኔ ቤት ተምረዋል፣ ዲያቆን ነበሩ፣ ወደ አሜሪካ ሲመጡ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። የመኪናቸው መሪ ላይ መቁጠሪያ ተጠምጥሟል፤ ጎናቸው ዳዊት አለ። ሰው ሲጠብቁ ይደግማሉ፣ ጥሪ ሲመጣ ዕልባቱን አድርገው ይነሳሉ።

«ኢትዮጵያዊ መኪና ውስጥ ሲያነብ የመጀመሪያው እኔ አይደለሁም» አሉኝ። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ ነው ፊልጶስ የደረሰበት። ታሪኩን ስናውቀው ኖረናል። እሳቸው የሚያዩት ሌላ ነው፦ ጃንደረባው ከኢየሩሳሌም እየተመለሰ ነበር። ቤተ መቅደስ ሄዶ፣ ሰግዶ፣ ያልገባው ነገር በመንገድ ላይ ተገለጠለት።

የሄድሁበት ቀን መሪጌታ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ጠብቀው ተራቸው ሲደርስ፣ ስልኩ ያመጣላቸው ቅርብ ያለ ሆቴል የሚሄድ መንገደኛ ነበር። ከኋላቸው የተሰለፈው ወጣት ደግሞ ከከተማ ውጪ የሚሄድ ረጅም ጉዞ ደረሰው። ሲመለሱ እኔ ተናድጄ ጠበቅኋቸው። እሳቸው ዳዊታቸውን ገለጡ፤ ከዚያ መልሰው አጠፉት።

«ስለ ወይኑ ሠራተኞች አንብበሃል?»

«አንብቤያለሁ፣ መሪጌታ።»

«በስንት ሰዓት ገቡ?»

ነገሩ ያኔ ነው የበራልኝ። የወይኑ ባለቤት ማለዳ ወጣ፣ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ፣ በመጨረሻም በአሥራ አንድ ሰዓት ሠራተኛ ቀጠረ። የአሜሪካ ሰባኪ ይህን ሲያነብ አሥራ አንደኛው ሰዓት ማለት ከቀትር በኋላ አምስት ሰዓት ነው ብሎ ማስረዳት አለበት። እኛ አያስፈልገንም። የወንጌሉ ሰዓት የኛ ሰዓት ነው፤ ከጎሕ ይቆጥራል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲባል ጥላው ሲረዝም፣ ከብቱ ሲገባ ይታየናል፤ ያን ጊዜ ገበያ ላይ ቆሞ የቀረ ሰው ሆዱ ምን እንደሚል እናውቃለን። አትላንታ ውስጥ ይህ ሰው ዛሬም አለ። የግንባታ ዕቃ ከሚሸጡ ትልልቅ መደብሮች ደጃፍ ማለዳ ሄዳችሁ እዩ፤ የቀን ሥራ ፈላጊው ቆሟል፣ ፒክአፕ ሲመጣ ይሮጣል። ከሰዓት በኋላ የቀሩት ሽምግልና የተጫናቸው ወይም ደከም ያሉት ናቸው።

«ንባቡ ይኼ ነው» አሉ መሪጌታ። «አንድ ዲናር የአንድ ቀን ጉርስ ነው። ባለቤቱ ለኋለኞቹ ግማሹን ቢሰጥ ኖሮ ልጆቻቸው ግማሽ ጠግበው ያድራሉ። መጀመሪያ ይህን ያላየ ሰው አንድም ቢል ዋጋ የለውም። የኔታ ‹ንባቡን ሳትይዝ ወደ አንድም አትሩጥ› እያሉ በአለንጋ ይገርፉን ነበር።»

«አንድሙስ?»

«አንድሙማ…» ስልካቸውን አዩ። «እኔ ማለዳ የገባሁ ይመስለኝ ነበር። በልጅነቴ ድቁና፣ በወጣትነቴ ቅኔ። ከሀገሬ ወጥቼ እዚህ ስቆም ነው ከአሥራ አንድ ሰዓቶቹ እንደሆንሁ ያየሁት። ታዲያ በዚያ ልጅ ረጅም ጉዞ ምን አስቆጣኝ?»

ቅድም ስለ ገበያው ስብከት ስናገር ያስቀመጥሁትን አሁን ላንሳው። ከዕለት ኑሮ ትምህርት ማውጣት ቀላል የሚመስል፣ በቀላሉም የሚበላሽ ነገር ነው። ማንኛውንም ነገር ከማንኛውም ነገር ጋር መመሰል ይቻላል። በመጋቢት አትላንታን የጥድ ብናኝ ቢጫ ያለብሳታል። በ2025 (እ.ኤ.አ.) መጋቢት መጨረሻ፣ ዐቢይ ጾም ላይ ሳለን፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር የተቆጠረው ብናኝ ከ14 ሺህ በላይ ሆኖ ክብረ ወሰን ሰበረ። መኪናህን ታጥባለህ፤ ጠዋት ተመልሶ ቢጫ ነው። ኃጢአትና ንስሐ እንዲህ ነው ማለት አያቅትም፤ እኔም ብዬ አውቃለሁ፣ ሰዎችም ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ግን ያ ምሳሌ ከእኔ ምንም አልጠየቀም። ማታ ቤቴ ስገባ ይቅርታ ያልጠየቅሁት ሰው እንዳለ ነበር። የእትዬ አብሲት ሕይወታቸውን አስከፍሏቸዋል። የመሪጌታ አሥራ አንድ ሰዓት ቁጣቸውን አስጥሏቸዋል። የእኔ ብናኝ ግን ንግግር አሳመረልኝ።

ከዚህ የባሰም አለ። አንድሙ ንባቡን ሲውጠው።

አትላንታ በመጣሁ ሰሞን ማታ ማታ የቢሮ ፎቆች አጸዳ ነበር። ያሠራን የነበረው ሰው አማኝ ነው፤ ሥራ ሳንጀምር ያጸልየናል። ከሰዓታችን በላይ አሠርቶን ሳይከፍለን ሲቀር ሦስት ሆነን ጠየቅነው። ሥራችሁን ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምትሠሩ አድርጋችሁ ሥሩ የሚለውን የቆላስይስ ትምህርት በፍቅር ድምፅ አስታወሰን። አፈርን። ወደ መጥረጊያችን ተመለስን። ያን ሌሊት ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ገለጥሁ፤ ምዕራፉ ሲያልቅ በሚቀጥለው የመጀመሪያ ቁጥር ላይ ጳውሎስ ለጌቶች የተናገረውን አገኘሁ፦ ለባሮቻችሁ ቅንና እኩል የሆነውን ስጡ፣ እናንተም በሰማይ ጌታ አላችሁ የሚል ነው። ሰውየው ጥቂት መስመር ቀደም ብሎ ነበር ያቆመው። ያዕቆብም የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል ብሏል። መጥረጊያ የትሕትና ምሳሌ ነው፤ እውነት ነው። መጥረጊያ ግን አስቀድሞ መጥረጊያ ነው፤ የያዘው እጅ የቤት ኪራይ አለበት።

ይህን ያስተማረኝ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በጥር 1929 (እ.ኤ.አ.) ኦበርን ጎዳና ላይ ተወለደ፤ አባቱና እሱ የሰበኩበት ኤበኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ከተወለደበት ቤት በእግር የሚደረስ ነው። ኪንግ በኑሮ ውስጥ ያለውን ነገር አንሥቶ መስበክ ይችልበት ነበር። በጥቅምት 1967 ፊላደልፊያ ላይ ለተማሪዎች ሲናገር፣ መንገድ ጠራጊ የሆነ ሰው ማይክል አንጄሎ ሥዕል እንደሣለ አድርጎ ይጥረግ አለ። በየካቲት 4 ቀን 1968 ደግሞ በኤበኔዘር መድረክ ቆሞ የያዕቆብንና የዮሐንስን ልመና፣ በቀኝና በግራህ እንቀመጥ ያሉትን፣ በሰልፍ ፊት በትር እያወዛወዘ የሙዚቃ ጓድ በሚመራ ሰው መሰለው። ፊት መሆን የማይወድ የለም አለ፤ ክርስቶስም ይህን ፍላጎት አልነቀፈውም፣ በአገልግሎትና በፍቅር ፊት ሁኑ ብሎ አቅጣጫውን ለወጠው። ከዚያ ስለ ገዛ ቀብሩ ተናገረ፦ ሽልማቶቼን አትጥሩ፣ የተራቡትን ለማብላት እንደሞከርሁ ተናገሩ የሚል ነገር።

ያ ስብከት ከመሰበኩ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ የካቲት 1፣ ሜምፊስ ውስጥ ሁለት ቆሻሻ ሰብሳቢዎችን ዝናብ ሸሽተው የገቡበት መኪና መጭመቂያ በድንገት ተነሥቶ ገድሏቸዋል። ወደ 1,300 የሚሆኑ ባልደረቦቻቸው ሥራ አቆሙ። ኪንግ ወደዚያ ሄደ። ጠራጊው በደንብ ይጥረግ ያለው ሰባኪ ለጠራጊው ደመወዝና ለሰውነቱ ክብር ሲቆም ሚያዝያ 4 ቀን ተገደለ። በአምስተኛው ቀን አስከሬኑ ኤበኔዘር ሲገባ ያ የየካቲት ስብከት ከቴፕ ተሰማ፤ ከዚያ ሣጥኑን በሁለት በቅሎ የሚጎተት የገበሬ ጋሪ በአትላንታ ጎዳናዎች ይዞት ሄደ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ የዲኬተር ገበያ ሄጄ ሽንኩርት የምትመዝነውን ልጅ አየኋት። ካርዷ ላይ «አማርኛ» ይላል። በዓለ ሃምሳን አላሰብሁም። «ስንት ሰዓት ትወጫለሽ?» አልኋት። ሁለተኛ ሥራዋ እስኪጀምር አንድ ሰዓት እንዳላት፣ አውቶቡሱ እንደሚዘገይ ነገረችኝ። በመኪናዬ አደረስኋት። መንገድ ላይ አንቀላፋች፤ ሬዲዮውን ዝግ አደረግሁት።

አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ነፍሱ ዝላ ምን ላድርግ ብሎ ሲለምን፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ዳግመኛ ተቀምጦ ሲታታ አየ ይባላል፤ መልአክ ነበር። መልአኩ አልሰበከውም። አደረገ፤ እንጦንስም እንዲሁ አደረገ። እኛ ቤት ይህን ታሪክ ከመነኮሳት ጉባኤ ባንማረውም፣ በየወጥ ቤቱ የሚኖሩት አሉ።

ያን ንጋት እትዬ ምጣዱን ሲያጠፉ ሰፌዱ ላይ የተደራረበው እንጀራ ከፍ ብሎ ነበር። ግማሹ ለቤት፣ ግማሹ ገና በመጣ ቤተሰብ ቤት የሚደርስ ነው፤ ከየት እንደመጡ ስጠይቃቸው «ከእግዜር» ብቻ አሉ። የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቁልፋቸውን ፈልገው፣ ደጁ ላይ ሲደርሱ ተመለሱ። የማር ጠርሙሱን ከመስኮቱ ሥር አንሥተው እጄ ላይ አስያዙኝ። ቢጫው ውኃ ሞቅ ይላል።

«መኪና ውስጥ እግርህ መካከል አድርገው፣ እንዳይገለበጥ። ክዳኑን ደግሞ አታጥብቀው።»

«ለምን፣ እትዬ?»

«ይተነፍሳል። ካጠበቅኸው ይፈነዳል።» ደረጃውን እየወረዱ ዞር አሉ። «አብሲት መጣል እንዳትረሳ። ዓይን ካላወጣ ደውልልኝ፤ በሁለት ሰዓት ዕረፍት አለኝ።»